«አሁንማ ጭንቅላቴ አይዝም»
(በማኅበራችን የቅዳሜ ቡና ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር የጻፍንበትን ወረቀት ከእኛ ከትምህርት ኮሚቴው አባላት አንዷ ባለፈው ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ ረስታው ወረደች። ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። የረሳችው ልጅ ዕድሜዋ 29 ነው። «ሐሳብሽ የት ሄዶ ነው?» ብለን ሳቅንባትና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከእናቶቻችን አንዷ ረስተውት ቢሆን ግን ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። ፊት ለፊት «እርጅና ነው፣ ምንም አይደል» እንላለን፤ ዞር ስንል ደግሞ «ጃጅተዋል» እንላለን። ዛሬ መነጋገር የፈለግነው ስለዚሁ ነው።

ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ቡና የሚያፈሉትን እናታችንን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን እንዳናነሣ ለምነውናል፤ እዚሁ መካከላችን ስለተቀመጡም ቃላቸውን እንጠብቃለን። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው ከሰል ያቀጣጥላሉ። የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ሞተር ሳያስነሡ የእሳቸው ጀበና ወርዷል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ተራ አስከባሪው፣ ተሸካሚው ሁሉ በዱቤ ነው የሚጠጣው። አንዱ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ አንዱ በሳምንቱ። እሳቸው ደብተር የላቸውም። ማን ስንት ሲኒ እንደጠጣ፣ ማን ዳቦ እንዳስጨመረ፣ ማን ካለፈው ሳምንት 15 ብር እንደቀረበት ሁሉም በቃላቸው ነው። አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ወረቀት ይዘን አጠገባቸው ውለን፣ ማታ ላይ የእኛን ጽሑፍ ከእሳቸው ቃል ጋር አስተያየነው። ሁለት ቦታ ተለያየን። በሁለቱም የተሳሳትነው እኛ ነበርን።

እኚህ ሴት ፊደል እንዲማሩ ስንጋብዛቸው ምን አሉን? «ልጆቼ፣ እኔ አሁንማ ጭንቅላቴ አርጅቷል፣ አይዝም።»

ነገሩ ያስቃል፤ ያስከተለው ግን አያስቅም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሲጀመር የወጣቶች ጉዳይ መስሎን ነበር። ዛሬ ሁለት ሲኒ ቡና የጠጣ ሁሉ «እማማ፣ በስልክ ልላክልዎ?» ይላል። እምቢ ካሉት ወደ ጎረቤት ጀበና ይሄዳል። ስለዚህ ስልክ ተገዛላቸው። መልእክቱን ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ ገንዘቡ ገባ ብለው ነበር የሚሸኙት። አንድ ጠዋት አንድ ሰው ጓደኞቹን ሰብስቦ ቁርስ አበላና ከራሱ ስልክ ላይ የቆየ መልእክት አሳያቸው። እሳቸውም መርቀው ሸኙት። ማታ የልጅ ልጃቸው ስታይላቸው የገባ ነገር የለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በኋላ የሰማነው ነው፦ የሚስጥር ቁጥራቸውን ሦስት ሰዎች ያውቁት ነበር፤ እሳቸው ብቻ አያውቁትም። ሦስት ቀን ሥራ ሳይወጡ ቀሩ። ገንዘቡ ያን ያህል ሆኖ አይደለም፤ ሰው ፊት መቆም አሳፍሯቸው ነው።

እንግዲህ «ጭንቅላቴ አይዝም» የሚለው አባባል ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ያስከፍላል። ለዚህ ነው እውነት ነው ወይ ብለን መጠየቅ የጀመርነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው የራሳችንን እናቶች ነው። ሰባ ዓመት አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ «ፊደል አላውቅም» አይሉም፤ «ተምሬ ረሳሁት» ነው የሚሉት። ወጣቶቹ አባላት ስለማታውቁት እንንገራችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ፊደል የቆጠረው ሁሉ አስተማሪ ሆነ። ትምህርቱ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አገኘ። እናቶቻችን የሚያስታውሱት ግን ሽልማቱን አይደለም። የቀበሌውን አዳራሽ፣ የፋኖሱን ጭስ፣ ጀርባቸው ላይ ያዘሉትን ሕፃን፣ ልጃቸው የሚሆን አስተማሪ «ጎበዝ!» ሲላቸው የተሰማቸውን ነው የሚያስታውሱት። አንዷ እናታችን የምስክር ወረቀታቸውን እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር አስቀምጠውታል። አውጥተው አሳይተውናል። በላዩ የተጻፈውን ግን ማንበብ አይችሉም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት የነበረች ሴት ፊደሉ መቼ ነው የጠፋባት? ስንጠይቅ «ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ» ነው የሚሉን። ገና ሠላሳ ሳይሞላቸው ማለት ነው። ታዲያ እርጅናው የት አለ? ፊደሉ የጠፋው በቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ነው። ጋዜጣ አይገባም፤ ደብዳቤ ከመጣም የሚያነበው ባል ነው፤ የሱቁ ዕቃ በመልኩ ይታወቃል፤ ልጅ ተወለደ፣ እንጀራ መጋገር ነበረበት። ተጀምሮ የተተወ ነገር በማንም ጭንቅላት ውስጥ አይቆይም፤ በወጣቱም ቢሆን። ዘመቻውን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምንለው። ፊደሉን ሰጠ፤ የሚነበበውን ግን አላስከተለም።

ደስ የሚለው ደግሞ ጨርሶ አለመጥፋቱ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ራሱን ነበር የፈተነው። ትርጉም የሌላቸው ቃላት በቃሉ እያጠና፣ በስንት ጊዜ እንደሚረሳቸው መዘገበ። ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ መርሳት ፈጣን የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፈጽሞ የተረሳ የሚመስለው ነገር እንኳ እንደገና ሲጠና ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይያዛል። ይህን እኛም በዓይናችን አይተናል። ያቺ የምስክር ወረቀት ያላቸው እናታችን በሦስተኛው ቅዳሜ «ይቺ መ ናት፣ ይቺን አውቃታለሁ!» ብለው ሲጮሁ ጀበናው ሊገለበጥ ምንም አልቀረው።

ይሁን እንጂ እርጅና ምንም አይለውጥም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ይለውጣል። ፍጥነት ይቀንሳል። የሰው ስም ምላስ ጫፍ ላይ ይቀርና ሰውየው ከሄደ በኋላ ይመጣል። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ይከብዳል፤ ሬዲዮ እየጮኸ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ቁጥር መደመር አስቸጋሪ ነው። የማይቀንሱ ነገሮችም አሉ፤ ይህን ማንም አይነግረንም። የቃላት ሀብት፣ የኑሮ ዕውቀት፣ እጅ የለመደው ሙያ በጤነኛ ሰው ላይ እስከ ስድሳዎቹና ከዚያም በላይ ይቆያሉ፤ እያደጉ የሚሄዱም አሉ። አዲስ ነገር የመማር ችሎታም አይዘጋም። ጊዜና መደጋገም ይፈልጋል እንጂ። አእምሮ በጎልማሳነት እንኳ በሥራ ይቀረጻል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት የለንደን ታክሲ ሾፌሮችን አንጎል ፎቶ አንሥቶ ነበር። ከተማዋን በሙሉ በቃላቸው የሚይዙት እነዚህ ሰዎች፣ መንገድን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል በአንድ በኩል ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ። የላምበረት ሾፌሮችን ማንም አልመረመራቸውም እንጂ ሳይበልጡ አይቀሩም። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ2004 በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገብተው ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ተቀምጠዋል። መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን ማንበብ ፈልገው ነው።

ሩቅ መሄድም የለብንም። ውዳሴ ማርያምን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚደግሙ፣ ግን አንድ ፊደል የማይለዩ እናቶች እዚሁ አሉን። ቁርዓን በቃላቸው የሚቀሩ እናቶችም አሉን። የማስታወስ ኃይል ቸግሮን አያውቅም።

ስለ ማስተማሩ ትንሽ እንበል፤ መጀመሪያ እኛም ተሳስተን ነበርና። የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ከሀ ጀመርን። 231 ፊደል! በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ። ለምን ብለን ስንጠይቅ አንዷ «ሀ ሁ እኔን ምን ያደርግልኛል? የላከልኝን ብር አሳዩኝ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ገበታውን አወረድነውና ከቁጥር ጀመርን፤ ከዚያ «ብር» የሚለውን ቃል፣ ከዚያ የየራሳቸውን ስም፣ ከዚያ የታክሲ መውረጃዎችን፤ መገናኛ፣ ኮተቤ፣ ላምበረት። የሚያዩትንና የሚነኩትን ነገር አይረሱትም።

ሌላው ዘዴ ከቡናችን የመጣ ነው። በአቦል ሁለት ሦስት አዲስ ቃል እናሳያለን። ወረቀቱን እንሸፍንና ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። በቶና ወረቀቱን ሳናሳይ «ምን ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። በበረካ እንደገና። ከዚያ በሳምንቱ። አሥር ጊዜ በአንድ ላይ ከማስደገም፣ ሦስት ጊዜ እያራራቁ ማስታወስ ይበልጣል። ይህ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ቡናው ግን የእኛ ነው። ቅር እንዳይላችሁ፣ ቶናው ላይ ሐሜቱ ሞቅ ብሎ ጥያቄውን የረሳንበት ቀን አለ።

ልጆቻቸው እናስተምራለን ብለው የተቸገሩትንም አይተናል። «እማዬ፣ አሁን ነገርኩሽ እኮ!» የምትል አንዲት ቃል የወሩን ድካም ታፈርሳለች። የሚፈራ ሰው አያስታውስም። ጥናቶችም ይህን አሳይተዋል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ማስታወሳችሁን ልንፈትን ነው፣ እርጅና ይጎዳዋል» ተብለው ሲፈተኑ ያንሳሉ፤ እንዲህ ሳይባሉ ሲፈተኑ ይሻላሉ። እባካችሁ፣ ቤት ስትሄዱ ልጆቻችሁ ይህን ይስሙት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልንዘለው አስበን ነበር፤ ግን ስለ መርሳት ተናግረን ይህን ብንረሳ ደግ አይሆንም።

የማኅበራችንን ገንዘብ ለብዙ ዓመት የያዙት እናታችን ከጥቂት ጊዜ በፊት መሳሳት ጀመሩ። «ስድሳ» ሲባሉ «ሰላሳ» ያስጽፋሉ። ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ስንጠይቃቸው ሌላ ነገር ይመልሳሉ። ሰው ሲያወራ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ምን አደረግን? ሳንጠራቸው ተሰብስበን፣ «አእምሯቸው ደክሟል» ብለን ወሰንንና ሁለት ሰው ልከን የገንዘብ ሣጥኑን ከቤታቸው አስመጣን። በክፋት አይደለም፤ የሁላችን ገንዘብ ነው፣ ፈርተን ነው። ግን አንዳችንም ምን ሆነው እንደሆነ አልጠየቅናቸውም። እሳቸውም ምንም አላሉም፤ መምጣት ብቻ ተዉ። አራት ወር ከቤት አልወጡም። ሄዳ የምትጠይቃቸው ጎረቤት «አሁን በእርግጥም እየፈዘዙ ነው» ስትለን «አላልንም?» አልን። እንዲያ ማለታችን ዛሬ ያሳፍረናል።

በመጨረሻ ነርስ የሆነች አንዲት እህታችን ልታያቸው ሄዳ፣ በስተቀኝ ስትቀመጥ እንደማይመልሱላት፣ በስተግራ ስትዞር ግን ደኅና እንደሚያወሩ አስተዋለች። ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ቀኝ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኗል፤ ታጠበና ወጣ። ግራውም በዕድሜ የተነሣ ትንሽ ደክሟል፤ ጮክ ሳይሉ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ካናገሯቸው ግን ይሰማሉ። ያልሰማ ሰው ምን ያስታውሳል? «ስድሳ» የሚለው ቃል መጀመሪያውኑ ጭንቅላታቸው አልገባም ነበር።

ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ቡና አፈሉልን። ሣጥኑን እንመልስልዎ ስንላቸው እምቢ አሉ። «ሣጥኑ ከባድ ነው፣ ልጅ ይያዘው። ስለ እኔ ስትነጋገሩ ግን ልጠራ ይገባኝ ነበር» አሉን። አሁን በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡን የሚመረምሩልን እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ወር አንድ የተደገመ መዋጮ አግኝተዋል።

ይህ የእኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱ ነገሮች መካከል ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ዘርዝሯል። ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ገምቷል። ከ14ቱ ውስጥ የመስማት ችግር አለ፤ ያልታከመ የዓይን ድካም አለ፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሳይንቀሳቀሱ መዋል፣ የመንፈስ ጭንቀት አሉ። ብቸኝነትም አለበት። ያን ስናነብ እነዚያ አራት ወራት ትዝ አሉን። በልጅነት ትምህርት አለማግኘትም ተቆጥሯል። ያ የእናቶቻችን ጥፋት አይደለም፤ እንጨት ልቀሙ ተብለው ነው የቀሩት።

በሽታው ራሱ ደግሞ አለ፤ የለም አንልም። ስም ረስቶ በኋላ ማስታወስ የሁላችን ነው። አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ መጠየቅ፣ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሰፈር መንገድ መጥፋት፣ ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ ግራ መጋባት፣ ፀባይ መለወጥ ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። «ዕድሜ ነው» ብሎ ማስቀመጥ አይገባም። ሐኪሙ ከሚፈልጋቸው ነገሮች የሚድኑ አሉ፦ የታይሮይድ ዕጢ ማነስ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የሚወሰድ መድኃኒት የሚያመጣው ድንዛዜ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት። ቢ12 ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሚገኝ፣ ከፍስክ ወቅትም ጭምር ለሚጾሙ እናቶቻችን ይህን ለሐኪሙ መንገር ጥሩ ነው። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ቢቀባዥር ደግሞ ቀን አይሰጠውም፤ ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ስለሚችል ያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ነው። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ከሐኪሙ ጋር አያጣላም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። ባለፈው የሰጣችሁን ደብተርና እስክሪብቶ ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን የሚቸግረን ግን መነፅር ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ለሁሉም ይደክማል፤ ከተማሪዎቻችን ግማሾቹ ፊደሉን የሚያዩት ክንዳቸውን ዘርግተው ነው። «አይገባኝም» ያሉን አንዲት እናት የጓደኛቸውን የማንበቢያ መነፅር ሲያጠልቁ ገባቸው። ጆሮና ዓይን የሚያይ ባለሙያ በዓመት አንድ ሁለት ቀን ብትልኩልንም ከአንድ ካርቶን ደብተር ይልቅ ይጠቅመናል። ጸጥ ያለ ክፍልም ብናገኝ ደስ ይለናል፤ የመናኸሪያው ጡሩምባ ትምህርቱን ያስረሳል።

ከቡና ሻጯ እናታችን የጀመርነውን እንጨርስ፤ «ንገሩ» ብለው ፈቅደውልናል። አሁን መልእክቱ ሲገባ ስልኩን ራሳቸው ከፍተው የገባውን ብርና የላኪውን ስም እያነበቡ ነው። ቀስ ብለው ነው፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። የሚስጥር ቁጥራቸውን የቀየሩት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁላችንንም አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው። የዱቤ ደብተር ግን እስካሁን አልገዙም። እንግዛልዎ ስንላቸው «ምን ልጽፍበት? እኔ እንደሆንኩ አልረሳው» ይላሉ።